ከየዝና ስም ጎን ያለው አሻራ

ይገረም ቀኝ አውራ ጣቱን ማጭድ የሰነጠቀው ገና ጎረምሳ ሳለ ነው፤ ማሽላ እያጨደ ወሬ ሲያወራ። ወሬና ይገረም ድሮም አይለያዩም። ቁስሉ ዳነለት፤ ጠባሳው ግን የጣቱን ውስጥ በአግድሞሽ አቋርጦ ቀረ፣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል። የልጅ ልጆቹ ጣቱን ይይዙና «አባባ፣ ይኼን ማን አሰመረብህ?» ይሉታል። «መምህሬ ነው፣ ትምህርት ሰንፌበት» ይላቸዋል፤ ይሳሳቃሉ። ይህችን ጣት ያዙልኝ፤ የኋላው ጣጣ ሁሉ የመጣው በሷ ነው።

መንደሪቱ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ያለች፣ በስም ሳይሆን በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች አንዷ ናት። ይገረም በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ከእናቱ ጋር ተጭኖ ሲመጣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። እዚሁ አደገ፣ እዚሁ ብዙወርቅን አገባ፣ እዚሁ አያት ሆነ፤ አነጋገሩ ግን ዛሬም የወሎ ነው፣ ለደስታውም ለሐዘኑም «አብሽር» ማለት ይቀናዋል። ሠርግ ላይ ቀድሞ የሚገኝ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው የሚያስቅ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ «ይገረምን ጥሩ» የሚባልለት ሰው ነው። የትምህርት ቤቱን መልእክት እንዲያደርስ የቡድን መሪ ያደረጉትም ለዚሁ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ምዝገባ መቼ እንደሚያበቃ፣ ዩኒፎርሙ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ምገባው በየትኛው ሳምንት እንደሚጀመር፣ ክትባት በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ፣ ዳይሬክተሩ መምህር ምንውየለት ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ይጽፍና ለየቡድን መሪው ይሰጣል። የቡድን መሪው የራሱን ጨምሮ በሥሩ ያሉትን አምስት ቤቶች እየዞረ ያነብላቸዋል፤ መጻፍ የሚችል ይፈርማል፣ የማይችል ከስሙ ጎን አውራ ጣቱን ያትማል። ወረቀቱ ተመልሶ ፋይል ውስጥ ከገባ ወላጅ ሰምቷል ማለት ነው። በስልክ እንዳይነገር ኔትወርኩ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል። ፊርማ የሌለበት ማስታወቂያ ደግሞ ወረዳው ዘንድ እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

በዚያ መስከረም ክረምቱ አልወጣ ብሎ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ይገረም በቆሎው ዳር ተቀምጦ ዝንጀሮ ይጠብቃል። መምህር ምንውየለት በሞተር ብስክሌቱ ጭቃውን እየረጨ መጣና ሳይወርድ ወረቀቱን ዘረጋለት።

«ጋሽ ይገረም፣ ነገ ጠዋት ከወረዳ ለሱፐርቪዥን ይመጣሉ። ፊርማው ሁለት ሰዓት ላይ ጠረጴዛዬ ላይ መገኘት አለበት።»

«እንዴ መምህር! በዚህ ጭቃ አምስት ቤት? ዝንጀሮውንስ አንተ ልትጠብቅልኝ ነው?»

«እንደምንም አድርገው» አለና ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

እንደምንም አድርገው! በዚህ አገር ስንቱ ነገር የተበላሸው «እንደምንም አድርገው» በተባለ ቀን ነው።

ይገረም በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የለቀማት ፊደል አለችው። ወረቀቱን ቀስ እያለ አነበበ። ሰባት ነጥብ ነበረው። ትምህርት ሰኞ ይጀመራል ይላል፣ የደብተር ብዛት ይዘረዝራል፣ ጥፍርና ፀጉር ይላል። ቁጥር ስድስት ላይ እንዲህ ይላል፦ «የወንዙ የቀርከሃ ድልድይ በጎርፍ ስለተጎዳ፣ እስኪጠገን ድረስ የኦ ክፍልና የአንደኛ ክፍል ሕፃናት በፍጹም ብቻቸውን እንዳይሻገሩ፤ ወላጆች በዋናው መንገድ ዞረው ራሳቸው እንዲያደርሱና እንዲመልሱ።»

«ይኼስ መነገር አለበት» አለ ለራሱ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ብሏል! ቀጥሎ ወደ በቆሎው አየ፤ ወደ ሰማዩም አየ። ሰማዩ ጠቁሯል። ስክሪብቶውን ነቅሎ በራሱ ስም ፊት ፈረመ፤ ከዚያ ቀፎዋን በጥርሱ ሰበረና ቀለሙን አውራ ጣቱ ላይ ቀባው። በአራቱ ጎረቤቶቹ ስም ፊት ያችን ጣቱን አራት ጊዜ አተመ። ቅዳሜ ገበያ ያገኛቸዋል፣ ያኔ በአፉ ይነግራቸዋል።

ሰነፍ ነው እንዳትሉኝ። እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያውም አልነበረም፤ ስንት ዓመት እንዲህ ነበር የሚሠራው። ጣቱን ያስቀድማል፣ ወሬውን ያስከትላል፤ ወሬው ግን ቀርቶ አያውቅም። «ጋሼ ይገረም ካተመ ነገሩ ይደርሳል» ብሎ እሱ ራሱ ያምን ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ሦስቱን አገኛቸው። አንድ በአንድ ክንዳቸውን እየያዘ ነገራቸው፣ በቁጥር ስድስት ላይ ደግሞ አጥብቆ፦ «ድልድዩ በስብሷል፣ ልጅህን አንተው ራስህ አድርስ፣ ሰምተኸኛል?» ሦስቱም ሰሙት። አራተኛዋ ብቻ አልወጣችም።

አራተኛዋ የዝና ናት። ከመተከል የተፈናቀለች፣ ሁለት ዓመት መጠለያ የኖረች፣ በኋላ አክስቷ ስላለች ወደዚህች መንደር የመጣች ሴት። ባሏ ሰራዊት ጉባ በቀን ሥራ ነው የሚያድረው፤ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ በተከራየችው ቤት ብቻዋን ነው የምትኖረው። ትልቋ ቤዚ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ባለፈው ዓመት ኦ ክፍል ጨርሳለች፣ ሰኞ አንደኛ ክፍል ትገባለች። ትንሿ ሕብረት ሦስት ዓመቷ ነው፤ በዚያ ቅዳሜ ትኩሳት ይዟት እናቷን ከቤት አላስወጣቻትም።

«ግድ የለም፣ ነገ ቤተ ክርስቲያን አላጣትም» አለ ይገረም።

አላጣትምም። እሑድ ከቅዳሴ ሲወጣ በሩ ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ። የዝና ነጠላዋን አስተካክላ ጎንበስ አለችለት።

«እንደምን አደርሽ የዝና? ኖረሻል? ልጆች ደህና ናቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ፣ ደህና ናቸው። ትንሿ ትላንት አተኩሷት ነበር፣ ዛሬ ተሻላት።»

«ተመስገን በይ! አብሽሪ።»

የሆነ ነገር ሊነግራት ነበር። ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ወዲያው አንድ ሰው ትከሻውን መታ አድርጎ ስለጠፋ በሬ ያወራው ጀመር፤ በሬው ወዴት እንደሄደ፣ ማን እንዳየው፣ ጅብ በልቶት እንደሆነ። ወሬ ነዋ! ዞር ሲል የዝና ሄዳለች።

ሰኞ ጠዋት ቤዚ ከጎህ ጀምሮ ተነስታ ዩኒፎርሟን ለብሳ ተቀምጣለች። ትምህርት መጀመሩን የሰማችው ከጎረቤት ልጆች ነው፤ ልጅ ለልጅ የሚያወራው ደስ የሚለውን ብቻ ነው፣ ስለ ድልድይ ማን ያወራል? ያለፈውን ዓመት ሙሉ እነዚያ ልጆች በአጥሩ በኩል «ቤዚ!» ብለው ይጠሯትና አብረው ይሄዱ ነበር። በዚያ ጠዋት አልጠሯትም። አባታቸው ቅዳሜ ተነግሮት ስለነበር እጃቸውን ይዞ ገና በማለዳ በዋናው መንገድ ዞሮ ሄዷል።

«እማዬ፣ ጥለውኝ ሄዱ!» አለች ቤዚ።

«ሩጪ በይ! ድልድዩ ጋ ትደርሺባቸዋለሽ» አለቻት እናቷ። ቦርሳዋን ጀርባዋ ላይ አስተካክላላት፣ ሮጠች።

ነዕማ የምትባል የበርታ ሴት ከድልድዩ ዝቅ ብላ ልብስ ታጥብ ነበር። ቀርከሃው ሲሰበር ሰማች። ቀና ስትል ቀይ ቦርሳ አየች። ከነልብሷ ውሃው ውስጥ ገባች፤ ደረቷ ድረስ ገባች፣ ግንዱም ቅጠሉም እየመታት ወደ ታች ተከተለቻት። ከድንጋዮቹ መሃል ያገኘቻት ከብዙ ርቀት በኋላ ነው። አውጥታ ገልብጣ መታቻት፣ እስትንፋሷን ሰጠቻት፣ ጮኸች። ቤዚ አልነቃችም።

የዚያን ቀን ለቅሶ አላወራላችሁም። ልጅ ሲሞት ምን ይባላል?

ሰራዊት ከጉባ የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው። መኪና እየቀያየረ ሲመጣ እንቅልፍ አልነካውም፤ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ገብቶ ራሱን ይዞ ለረጅም ሰዓት አለቀሰ። በኋላ ዓይኑን ጠርጎ ሰውን ሁሉ ዞሮ አየና ዳይሬክተሩ ላይ አረፈ።

«መምህር፣ ድልድዩ መበላሸቱን ታውቁ ነበር አይደል? አውቃችሁ ነው ዝም ያላችሁ?»

መምህር ምንውየለት ሰውነቱ የከሳ፣ ሲናገር ድምፁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ፈራ። ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ዝም አላልንም ወንድሜ። ለሁሉም ወላጅ ተነግሯል። ይኸው፣ ቁጥር ስድስት። ይኸው ደግሞ የባለቤትህ አሻራ።»

ይገረም ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። እጁን በጋቢው ውስጥ ከተተና አውራ ጣቱን በአራቱ ጣቶቹ ጨበጣት።

ሰራዊት ወረቀቱን ይዞ ወደ ሚስቱ ሄደ። «የዝና፣ ይኼ ምንድን ነው?»

የዝና ወረቀቱን አየች። ፊደል አታውቅም፤ ሰማያዊዋን ነጠብጣብ ብቻ አየች፤ ቀጥላ የራሷን ጣት ገልብጣ አየች። ሁላችንም «አላየሁትም፣ አልነገሩኝም» ትላለች ብለን ጠበቅን። እሷ ግን የመጠለያ ሰው ናት። መጠለያ ውስጥ ስንዴ ሲሰጥ ጣት፣ ብርድ ልብስ ሲሰጥ ጣት፣ ስም ሲመዘገብ ጣት፣ ስም ሲሰረዝም ጣት ነው። ምን እንደሚል ጠይቃ አታውቅም፤ የሚጠይቅ ሰልፉን ያስቆማል።

«ጣቴን ያላስነካሁት ወረቀት የለም» አለች በቀስታ። «አድርጌ ይሆናል። ረስቼው ይሆናል።» ከዚያ ደረቷን መታች። «ሩጪ ያልኳት እኔ ነኝ! ልጄን እኔ ነኝ የገደልኳት!»

ነዕማ ከሴቶቹ መሃል ነበረች። አማርኛዋ የተሰባበረ ነው፣ ልቧ ግን ሙሉ ነው። ለማጽናናት ብላ ይሁን ገርሟት፣ «እኔ ቤት ሻዕባን መጣ» አለች። ሻዕባን የሷ ቡድን መሪ ነው። «ማታ ዝናብ ነበር፣ እሱ መጣ። ‹ነዕማ፣ ልጅ ብቻ አይሄድ፣ ድልድይ ተበላሸ› አለኝ። ወላሂ፣ ቤት ለቤት ዞረ። ጣት ኋላ ነው፣ መጀመሪያ ነገረኝ።»

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ሻዕባን ከነገረ ይገረምማ እንዴት አይነግርም? የሴቶቹ ሹክሹክታ ድንኳኑን ዞረ፦ «ተነግሯት ኖሯል ለካ!» «ወይ አለመስማት!» ይገረም ይህን ሁሉ በጆሮው ሰማ። ተነስቶ አንድ ቃል ቢናገር ያበቃ ነበር። ጣቱን እንደጨበጠ ተቀመጠ፣ እኔ ምን ልበላችሁ፣ ተቀመጠ!

ሰራዊት ፊቱ ጠቁሮ የመጨረሻ ቃሉን ተናገረ። «ከሰባቱ ማግስት ሕብረትን ይዤ ዳንግላ እናቴ ጋ እሄዳለሁ። አንዷን ለውሃ ሰጥተሻል፤ ሁለተኛዋን ላንቺ አልተውም።» የዝና ፍርዱ ትክክል ነው ብላ ተቀብላዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ይገረም በቆሎው ዳር ለሚስቱ ለብዙወርቅ ነገራት። ብዙወርቅ የያዘችውን እሸት ጣለችው።

«አንተ! በሰው ስም አትመህ? ይህ እኮ እስር ቤት ነው! ለማን ነገርክ?»

«ላንቺ ብቻ።»

«እንግዲያው ሆድ ይፍጀው። ከነገሩ ጦም እደሩ ሲባል አልሰማህም? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስ። ብትናገር ቤዚ ትመለሳለች?»

«ቤዚስ አትመለስም» አላት። «ሕብረትስ?»

ብዙወርቅ እሸቷን አንስታ በነጠላዋ ጠረገችና ወደ ቤት ሄደች።

በአምስተኛው ቀን ይገረም እነግራታለሁ ብሎ ወደ የዝና ቤት ሄደ። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የሕብረትን ልብሶች እያጠፈች በፌስታል ትከታለች፤ ለመንገዱ ማለት ነው። አጠገቧ ሕብረት በቤዚ ጫማ ትጫወታለች። የዝና እሱን ስታይ ልትነሳ ሞከረች።

«ተይ፣ ተቀመጪ» አላት። ተቀመጠና እንዴት እንደሚጀምር አጣ።

እሷ ቀደመችው። «ጋሼ ይገረም፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። መቼ ነበር የነገርከኝ? እኔኮ ምን ላይ ሆኜ እንደሰማሁት ማስታወስ አቃተኝ። ቀንና ሌሊት አስባለሁ። ቀኑን ብቻ ባውቀው... እንዴት እንደረሳሁት ባውቀው...»

ይገረምን እግዚአብሔር እውነቱን በእጁ አስይዞ «በል» ብሎት ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ቅዳሜ መሰለኝ።»

«ቅዳሜ?» አለች የዝና። ግንባሯን አሸች። «ቅዳሜ ሕብረት አተኩሷት ገበያ አልወጣሁም... እሺ፣ እዚህ መጥተህ ይሆናል። አዎ፣ መጥተህ ይሆናል። ሐሳቤ ትንሿ ላይ ስለነበር አልሰማሁህም። አየህ፣ ለአንዷ ስል ሌላዋን ገደልኳት።» ከዚያ ጎንበስ አለችለት፣ «አንተ ምን ታደርግ፣ ጭቃውን ዞረህ ልትነግረኝ መጥተሃል» አለችው።

ይገረም ከዚያ ደጃፍ ተነስቶ ሄደ። ሰው ስድብ ይችላል፣ ዱላም ይችላል። ምስጋና ግን፣ እንዲህ ያለ ምስጋና፣ እንዴት ይቻላል?

የየዝና አክስት ሽማግሌ ሰበሰበች፤ ነገ ልጅቷ ልትወሰድ በሰባቱ ቀን ከሰዓት። ከድንኳኑ ጀርባ ካለው ማንጎ ሥር ተቀመጡ። ሻዕባን አለ፣ አንድ ቄስ አሉ፣ መምህር ምንውየለት ለምስክርነት ተጠርቷል። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ባንድ አፍ «ይገረም!» አሉ። መቼስ ጉድ ነው!

ሰራዊት ሕብረትን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በአንድ ወገን፣ የዝና አንገቷን ደፍታ በሌላ ወገን ተቀመጡ። ቄሱ ጸሎት አድርገው ንግግሩን ለይገረም ሰጡት። ይገረም ቆመ። እንደ ልማዱ በተረት አልጀመረም።

«ሰራዊት» አለ፣ «ሚስትህ ጥፋት የለባትም። አልተነገራትም። ያላደረስኩት እኔ ነኝ። አሻራውም የሷ አይደለም፣ የኔ ነው።»

ይህን የመሰለ ቃል ተናግሮ መሬት ትከፈታለች ብሎ ጠበቀ። መሬት ግን አልተከፈተችም። ቄሱ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደምታውቁት በሽምግልና ወግ ሁለት ወገን አልላቀቅ ሲል፣ ትልቅ ሽማግሌ «ጥፋቱ በኔ ይሁን» ብሎ ነገሩን በራሱ ላይ ይወስዳል፤ የተበደለውም ለሱ ሲል ይለቃል። ይገረም ራሱ በዚህ መንገድ ስንት ቤት አቁሟል።

«ሽማግሌ ማለት እንዲህ ነው!» አሉ ቄሱ።

ሰራዊት ሕብረትን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ የይገረምን ጉልበት ሳመ። «ጋሼ፣ ሽምግልናህን አከብራለሁ። ግን ለሷ ብለህ በራስህ ላይ አትዋሽ። ልጄን ይዤ እሄዳለሁ።»

«አልዋሸሁም!»

የዝናም ቀና አለች። «ጋሼ፣ ተው። ቅዳሜ ቤቴ መጥተህ ነግረኸኛል። አንተው አይደለህ ያልከኝ?»

ወይ መከራ! ስንት ዓመት ሲዋሽ የታመነ ሰው እውነት የተናገረ ዕለት የሚያምነው አጣ። ይገረም ወደ ዳይሬክተሩ ዞረ። «መምህር፣ ወረቀቱን አምጣ።»

መምህር ምንውየለት ከኮቱ ኪስ አላወጣም። ጠጋ ብሎ በጆሮው፣ «ጋሽ ይገረም፣ ይቅር። ያለፈውን ፋይል ሁሉ ልታስመረምር ነው?» አለው። ያኔ ይገረም ገባው፤ ይህ ሰው አሻራዎቹን አይቷቸዋል። ምናልባት ከዓመታት በፊት ጀምሮ አይቷቸዋል።

«አምጣ አልኩህ!»

ወረቀቱ ወጣ። ይገረም ከሻዕባን ኪስ ስክሪብቶ ተቀብሎ ቀፎዋን በጥርሱ ሰበረ፤ ቀለሙን አውራ ጣቱ ላይ ቀባና በወረቀቱ ባዶ ጠርዝ ላይ አተማት። ከዚያ ለሰራዊት ሰጠው። «የኔን እይ። ከስሟ ጎን ያለውን እይ።»

ሰራዊት አየ። ሻዕባን ተጠግቶ አየ። ከየዝና ስም ጎን ያለውን አሻራ አንዲት ነጭ መስመር በአግድሞሽ ታቋርጠዋለች። ጠርዙ ላይ ያለውንም። ከሌሎቹ ሦስት ስሞች ጎን ያሉትንም። ሻዕባን የየዝናን እጅ ይዞ አውራ ጣቷን ገለበጠው፤ በማጠብና በመፍጨት ሻክሯል እንጂ ምንም መስመር የለበትም።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለ ሻዕባን፣ እጇን ቀስ ብሎ ለቀቀው።

ሰራዊት ተነሳ። ይገረም ዱላ ጠብቆ ነበር፤ ቢመታውም ዝም ይል ነበር። ሰራዊት ግን ሕብረትን መሬት አቆማት። «ሂጂ፣ እናትሽ ጋ ሂጂ» አላት። ከዚያ ፊቱን ወደ ማንጎው ግንድ አዙሮ ቆመ።

ሕብረት ሮጣ እናቷ ጭን ውስጥ ገባች። የዝና በሁለት እጇ አቀፈቻት። ጥፋቷ ተነሳላት፣ ልጇ ተመለሰችላት፤ ይገረም ፊቷ ሲፈታ አያለሁ ብሎ ነበር። አልተፈታም። አራት ቀን ሙሉ «ነገሩኝ፣ እኔ ረሳሁ» እያለች ነበር የቆየችው። አሁን ነው ልጇን አንድ ቃል ታድናት እንደነበር ያወቀችው።

«ጋሼ» አለችው፣ አሁንም ጋሼ ነው የምትለው። «ቢነግሩኝ እጇን ይዤ እወስዳት ነበር።»

«አውቃለሁ የዝና።»

«እሑድ ዕለት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አግኝተኸኝ ነበር'ኮ።»

«አዎ።»

«‹ልጆች ደህና ናቸው?› ብለህ ጠየቅኸኝ።»

ይገረም ቁጭ አለ።

«ደህና ናቸው አልኩህ» አለች የዝና። «ደህና ነበሩ'ኮ፣ ጋሼ።»

ሕብረትን ታቅፋ ተነስታ ወደ ቤቷ ገባች፣ በሩንም ከውስጥ ዘጋችው።